የአስቸጋሪ መንገድ መኪናና ገዢዎቹ፤ በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ወደ ከተማይቱ የሚገባውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው፥ አብዛኛው በእግሩ፥ ጥቂቱ በበቅሎ፥ ሌላውም በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ያያል። በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ግን ሾፌሮች «ፎር ባይ ፎር» የሚሏቸው ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ይቆማሉ። እነዚህ መኪናዎች ለእንዲህ ያለው አገር ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከአገሩ ሰዎች መካከል በገንዘቡ ገዝቶ የያዛቸው ሰው በቀላሉ አይገኝም።

በዓለም ላይ የዚህ ዐይነት መኪና ገበያ እጅግ እየሰፋ መሄዱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተሸጡት አውቶሞቢሎች ግማሽ ያህሉ ቁመታቸው ከፍ ያለ፥ የገጠር መኪና መልክ ያላቸው ነበሩ። እንግዲህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ በአገራችን መኪናውን የሚገዛው ማን ነው? የሚፈልገውስ ማን ነው? ሁለቱ አንድ ሰው ካልሆኑ ምን ይከተላል?

፩. አገሩና መንገዱ

ስማዳ፣ ጋይንትና እስቴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ አገሮች ናቸው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ከበላያቸው ቆሞአል፤ ከበታቻቸው ደግሞ የዐባይና የበሽሎ ሸለቆዎች ይገኛሉ። ከደጋው ወደ ቆላው ለመውረድ የሚደረገው ጉዞ በካርታ ሲለካ አጭር ነው፤ በእግር ሲለካ ግን ቀን የሚፈጅ ነው። አፈሩም በብዙ ስፍራ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጎማን እንደ ሙጫ ይዞ አይለቅም።

በዚህ ምድር ላይ ከባድ ነገር በመንኰራኩር ለማሳለፍ የተደረገው ታላቅ ሙከራ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፥ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ስለ ነበረ መንገዱን እየቈፈሩ መሄድ ግድ ሆነባቸው። በጋይንትና በጨጨሆ አልፈው፥ የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀባቸው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ አገር መንኰራኩር የሚሄደው ጉልበቱ ስለ በረታ ብቻ ሳይሆን መንገድ ሲቀድመው ነው።

የዘመናዊው መንገድ ታሪክ አጭር ነው። ወረታን ከወልድያ ጋር የሚያገናኘውና በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል የሚያልፈው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በኋላም አስፋልት ለብሶአል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ፕሮግራም አውጥቶ በየወረዳው ብዙ ጥርጊያ መንገድ አሠርቶአል። ይሁን እንጂ ጠጠሩ በጐርፍ ሲታጠብና የውሃ መውረጃው ሲደፈን መንገዱ ለተራ መኪና መዘጋቱ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ የሚያልፉት እግረኛ፥ የጋማ ከብት፥ ሞተር ሳይክልና አራቱም ጎማው የሚነዳ መኪና ብቻ ናቸው።

፪. የመኪናው አሠራር

ተራ አውቶሞቢል ከሞተሩ የሚመጣውን ኀይል ለሁለት ጎማ ብቻ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ጭቃ ላይ ካረፈ፥ ዲፈረንሻሉ ኀይሉን መሬት ለያዘው ጎማ ሳይሆን በከንቱ ለሚሽከረከረው ጎማ ያሳልፍበታል፤ መኪናውም በቆመበት ይቀራል። በአራት ጎማ የሚነዳው መኪና ከካምቢዮው በኋላ ኀይሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያካፍል ተጨማሪ የማርሽ ሣጥን አለው። በዚሁ ሣጥን ውስጥ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ማርሽ ይገኛል። ይህ ማርሽ በዳገት ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ በቁልቁለት የሚሰጠው ይበልጣል፤ መኪናውን ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው ፍሬን ሳይግል በዝግታ ያወርደዋልና።

ሁለተኛው ልዩነት አካሉ ነው። እውነተኛው የአስቸጋሪ መንገድ መኪና አካሉ በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፥ ከመሬት ከፍ ያለ፥ ብዙ ጊዜም ኋላው በባሌስትራ የተደገፈ ነው። በከተማ የሚሸጡት አብዛኞቹ መልከ ረጃጅም መኪናዎች ግን ሻንሲ የላቸውም፤ ብዙዎቹም የሚነዱት በሁለት ጎማ ብቻ ነው። አባቶቻችን በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይላሉ። እነዚህ መኪናዎችም ዘራቸውን ቢጠየቁ ላንድክሩዘር አጎታችን ነው ሳይሉ አይቀሩም።

የዘሩ ታሪክ እንዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ጂፕን ለሠራዊቷ በብዛት ሠራች። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ላንድሮቨርን አወጣች፤ በዚያን ጊዜ ብረት እጥረት ስለ ነበረ አካሉን ከአሉሚኒየም ሠራችው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያውን የዚህ ዐይነት መኪና ሠርቶ በ1954 ላንድክሩዘር ብሎ ሰየመው። በ1984 የወጣው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር እስከ ዛሬ ይሠራል። እስከ 2019 ድረስ በዓለም የተሸጡት ላንድክሩዘሮች ጠቅላላ ቁጥር ከአሥር ሚሊዮን አልፎአል።

በአገራችን ገጠር ይህ ባለ 70 ቁጥር የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በብዙዎቹ ላይ ያለው 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ተርቦ የሌለው፥ በኤሌክትሮኒክስ ያልተወሳሰበ ነው፤ የወረዳ ከተማ መካኒክ በመፍቻ ፈትቶ ሊጠግነው ይችላል። ጉድለቱም አለ። በነፋስ መውጫ አካባቢ ባለው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ሾፌሩ «መኪናው ደጋ ላይ ሰነፈ» ሲል ትክክለኛውን ፊዚክስ መናገሩ ነው።

፫. ገዢዎቹ እነማን ናቸው?

ለብዙ ዓመታት በሠራው የሰሌዳ አመዳደብ ኮድ 2 የግል፥ ኮድ 3 የንግድ፥ ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ምልክት ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶችም የየራሳቸው ልዩ ሰሌዳ ነበራቸው። ስለዚህ ሰሌዳውን ያነበበ ሰው ገበያውን አነበበ ማለት ይቻላል። ገዢዎቹን በአራት ክፍል ለይተን እናያቸዋለን።

አንደኛው ገዢ መንግሥት ነው። የግብርና፣ የጤና፣ የመንገድና የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ለመስክ ሥራ መኪና ይሻሉ። በተለይ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለየወረዳው አምቡላንስ ለማዳረስ በብዛት ያከፋፈለው ሃርድ ቶፕ የሚባለውን ላንድክሩዘር ነው።

ሁለተኛው የእርዳታ ድርጅት ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ፥ ይልቁንም ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ፥ እህል ወደ ደረሰበት ሁሉ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ደርሶአል። ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚደጋገምባቸው፥ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የታቀፉ አገሮች በመሆናቸው የእርዳታ መኪና እንግዳቸው አይደለም። ይህ ገበያ በዓለም ላይ የራሱ አቅራቢ እንኳ አለው፤ ቶዮታ ጅብራልታር የተባለው ድርጅት ለእርዳታ ሰጪዎች መኪናውን እንደ ሥራው ጠባይ አሰናድቶ ይልካል።

ሦስተኛው ነጋዴው፥ የመንገድ ተቋራጩና አስጐብኚው ነው። እነዚህ ሰዎች መኪናውን የሚገዙት ሠርቶ ዋጋውን እንዲመልስ ነው፤ ስለዚህ ሒሳባቸው ጥንቁቅ ነው።

አራተኛው ገዢ መኪናውን ስለ ክብሩ የሚገዛው የከተማ ሰው ነው። በስምንት ሲሊንደሩ ምክንያት «ቪ ኤይት» የተባለው ላንድክሩዘር በአዲስ አበባ የሥልጣንና የሀብት ምልክት ሆኖ ኖሮአል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ተተኪው ላይ ሞተሩ ወደ ስድስት ሲሊንደር ዝቅ ብሎአል፤ ስሙ ግን በሰው አፍ ቀርቶአል። ይህን ስንል ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ልማዱ ከእኛው ታሪክ የወጣ ነውና። በበጌምድር በቅሎ ገደል ስለምትወጣ ብቻ አልተወደደችም፤ መጣብር ያጠለቀች በቅሎ የሹም፣ የካህንና የእመቤት ማዕርግ መታወቂያ ነበረች። ልዩነቱ የሹሙ በቅሎ በእውነት ገደል ትወጣ ነበር፤ የዛሬው ባለ ክብር መኪና ግን ዕድሜውን በአስፋልት ላይ ይጨርሳል።

፬. ቀረጡና አዲሱ ገበያ

በአገራችን የመኪና ዋጋ የሚወሰነው በፋብሪካው ብቻ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ ሕግ የነዳጅ አውቶሞቢልን በሞተሩ መጠን ሲቀርጥ ቆይቶአል፤ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነው አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ ይጥላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ያገለገሉትን መኪናዎች እንደ ዕድሜያቸው ይበልጥ አከበዳቸው። ገደል የሚወጣ መኪና ትልቅ ሞተር የሚሻ ስለ ሆነ፥ ግለሰቡ ገዢ ከፍተኛውን ቀረጥ ይሸከማል። ከቀረጥ ነጻ የማስገባት መብት የተሰጣቸው ድርጅቶች ግን ያንኑ መኪና በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ያገኛሉ። ገበያው በድርጅቶች የተያዘበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ከፍ አለ። ከዚህ ወዲያ በከተማ ገበያውን እየያዙ የመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ናቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋ አገር አይሆንም ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሞተሩ ለማቃጠል አየር ስለማይሻ በጉና ከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ከፊሉን ኀይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ችግሩ ሌላ ነው። ኀይል መሙያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ የገጠሩ መብራትም የማይቋረጥ አይደለም። ከዚህም በላይ በርካሽ የሚገኙት መኪናዎች ቀደም ብለን ዘራቸውን የጠየቅናቸው፥ በሁለት ጎማ የሚሄዱት ናቸው። ስለዚህ የከተማው ገዢ አማራጭ ሲያገኝ፥ የገጠሩ አሮጌውን ናፍጣ ላንድክሩዘር እየጠገነ መቈየቱ ነው።

፭. ነገሩ ለማን ይጠቅማል?

ከላይ ከተናገርነው እንደሚታየው መኪናውን የሚገዛው አንድ፥ የሚሳፈርበት ሌላ፥ አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ይህ ሦስተኛ ሰው ምጥ የጠናባት የቆላ እናት ናት። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ከገደሉ አፋፍ ካወጧት በኋላ የሚጠብቋት አምቡላንስ ያ ሃርድ ቶፕ ነው። ደም እየፈሰሳት ላለች ወላድ ጥያቄው መኪናው በወረዳው መኖሩ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ነዳጅ፣ ጎማና ሾፌር ይዞ መነሣቱ ነው። ለስብሰባ የሄደ ወይም ለአንዲት መለዋወጫ ዕቃ ወራት የቆመ መኪና ለእርሷ እንደሌለ ይቈጠራል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜና፥ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት በተስፋፋ ጊዜ፥ መንገድ ሲዘጋ ከሁሉ ቀድሞ የሚጐዳው እንዲህ ያለው ሕመምተኛ መሆኑ ታይቶአል።

ስለዚህ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ቢታሰብባቸው መልካም ይመስለናል። አንደኛ፥ የመስክ መኪና ሲገዛ የመለዋወጫውና የጥገናው ገንዘብ ከግዢው ጋር አብሮ ቢመደብ፤ በዋልካና በገደል የሚሠራ መኪና ባሌስትራና ፍሪሲዮን መጨረሱ የታወቀ ነውና። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ መኪና የሄደበት ኪሎ ሜትር ከነምክንያቱ በመዝገብ ተጽፎ ለሕዝብ ቢገለጽ፤ ያን ጊዜ ስንቱ ጉዞ ለሕመምተኛ፥ ስንቱ ለስብሰባ እንደ ሆነ ይለያል። ሦስተኛ፥ ከአዲስ መኪና በፊት የውሃ መውረጃና የትንንሽ ድልድይ ጥገና ቢቀድም፤ የታጠበ መንገድ ሲጠገን አይሱዙውም ባጃጁም ያልፋልና፥ ውድ መኪና የሚያስፈልግበት ስፍራ ራሱ ይቀንሳል።

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፉን ለማሳለፍ አስቀድመው ድንጋይ ማንሣት ነበረባቸው። ዛሬም በወገዳ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ሥራ ያው ነው።