ላርክ2፦ የፓርኪንሰን ዘረመል በዘበኛ ሕዋሳት ውስጥ

ፓርኪንሰን የያዘው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ጡንቻው ይገተራል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ትልቅ ሥራ ይሆንበታል። ለምን ሲባል ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሕዋሳቱ ለምን እንደሚሞቱ ግን አይነግረንም። ተመራማሪዎች ላርክ2 ብለው የሚጠሩት ዘረመል መልሱን ከአንጎል ውጭም እንድንፈልግ አስገድዶናል።

ላርክ2 የሚገኘው በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። አድራሻው በግምት የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በሽታው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍበት የኖረ አንድ የጃፓን ቤተሰብ ሲመረመር ነበር። በ2004 ሁለት ቡድኖች ዘረመሉን ራሱን ለዩት፤ አንደኛው ከመረመራቸው ቤተሰቦች መካከል የስፔን ባስኮች ይገኙበታል። በዘረመሉ መመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን 2527 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ግዙፍ ነው። ሥራውም በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ማዘዝ ነው፤ በተለይ በሕዋሱ ውስጥ ጭነት የሚያመላልሱትንና ቆሻሻው ወደሚፈጭበት ላይሶዞም የሚያደርሱትን ይቆጣጠራል። በ2019ኛው ቦታ ላይ በግላይሲን ፈንታ ሴሪን ከገባ ፕሮቲኑ ከልኩ በላይ ይተጋል፤ ጉዳቱም ከዚህ ትጋት ይመጣል።

ይህ አንድ ለውጥ በአሽከናዚ አይሁድና በሰሜን አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ በብዛት ይታያል። በ2006 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት የሰሜን አፍሪካ አረብ ሕሙማን ከአሥሩ አራቱ ገደማ ለውጡ ተገኝቶባቸዋል። ለሕሙማን ቤተሰቦች ግን አንድ ነገር አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፦ ለውጡን መውረስ በሽታውን መውረስ አይደለም። ለውጡን ተሸክመው እስከ እርጅና ጤነኛ ሆነው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። በሽታውን የሚቀሰቅስ ሌላ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው።

ጥርጣሬው ወደ በሽታ መከላከያው የዞረው ላርክ2 ከመታወቁ በፊት ነው። በ1988 ካናዳዊው ፓትሪክ ማክጊርና ባልደረቦቹ በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ የሚሞቱት ሕዋሳት ባሉበት ስፍራ ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ዘበኞች ተቆጥተው አገኟቸው። በጊዜው ብዙዎች ዘበኞቹ ሬሳ ለማንሳት እንጂ ለመግደል አልመጡም ብለው አሰቡ። ላርክ2 ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ፕሮቲኑ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ተገኘ። ሰውነት ተሕዋስያንን ሲዋጋ የሚረጨው ኢንተርፌሮን ጋማ ደግሞ መጠኑን ይበልጥ ይጨምረዋል።

ላርክ2 አንጀት ከሚያቆስለው የክሮን በሽታም ጋር ግንኙነት አለው። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን ከሥጋ ደዌ ጋር ያለው ዝምድና ነው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ሥጋ ደዌን ሲያክሙ የኖሩ ሐኪሞች የበሽታውን ድንገተኛ ቁጣ በሚገባ ያውቁታል፤ ያን ጊዜ ነርቭን የሚያቃጥለው የበሽተኛው የራሱ መከላከያ ስለሆነ፣ ለማብረድ ስቴሮይድ ይሰጣል። በቬትናም ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2019 የወጣ ጥናት ይህን ቁጣ ከላርክ2 እና ከፓርኪን ጋር አያይዞታል። ፓርኪን ደግሞ ሲበላሽ በወጣትነት የሚጀምረውን ፓርኪንሰን የሚያመጣ ዘረመል ነው። እጅና እግርን በሚያደነዝዝ ጥንታዊ ተላላፊ በሽታና በእርጅና መንቀጥቀጥ መካከል አንድ ዓይነት ዘረመሎች መገኘታቸው እንደ አጋጣሚ ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

ሌሎች ማስረጃዎችም ወደ በሽታ መከላከያው ያመራሉ። በ2017 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሱልዘርና አጋሮቹ፣ በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን እንደ ባዕድ የሚያዩ ቲ ሕዋሳት የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳትን በሕሙማኑ ደም ውስጥ አግኝተዋል። ሞንትሪያል ላይ ፒንክ1 የተባለው ሌላ የፓርኪንሰን ዘረመል የጎደላቸው አይጦች ቀላል የአንጀት ኢንፌክሽን ሲይዛቸው እንቅስቃሴያቸው ተጎዳ፤ ለሰው የሚሰጠው ሌቮዶፓ ሲሰጣቸውም አገገሙ። በ2023 ደግሞ ናይጄሪያውያን የተሳተፉበት ጥናት፣ በአፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ጂቢኤ1 በተባለ ዘረመል ውስጥ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ፣ ቀድሞ ያልታወቀ ለውጥ አገኘ። ጂቢኤ1 ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ ሲወረስ የጎሼ በሽታን ያመጣል፤ በዚያ በሽታ ቅባት ታጭቆባቸው የሚያብጡት ማክሮፋጆች፣ ማለትም እንደገና ዘበኞች ናቸው። ይህ ለውጥ የተገኘው አፍሪካውያን በመመርመራቸው ነው፤ አውሮፓውያንን ብቻ የሚመረምር ሳይንስ አያገኘውም ነበር።

ዛሬ ሕሙማን የሚወስዱት ሌቮዶፓ የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ የሕዋሳቱን ሞት አያቆምም። ስለዚህ ከልኩ በላይ የሚተጋውን ላርክ2 የሚያበርዱ መድኃኒቶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው። አስቸጋሪው ነገር ፕሮቲኑ በሳንባና በኩላሊትም ሥራ ያለው መሆኑ ነው፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከልክ በላይ ሲታፈን የሳንባ ሕዋሳት መልካቸውን ቀይረዋል። ተሕዋስያንን ለመዋጋትም ያስፈልጋል። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት መጠን እንግዲህ ትጋቱን ወደ ጤነኛው ልክ የሚመልስ፣ መከላከያውን ግን ባዶ እጁን የማያስቀር ነው።