አንጋፋ ሯጮችና የልምምድ ልካቸው

አንድ ሯጭ ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ ከፍተኛው የልብ ምቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይሳሳል፣ ሰውነቱ በሩጫ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠንም ይቀንሳል። ልምምድ ባላቋረጠ አትሌት ላይ ይህ ለውጥ አዝጋሚ ነው። ብዙውን አንጋፋ ከውድድር የሚያስወጣው የትንፋሽ ማነስ ሳይሆን በወጉ ሳይድን የተሮጠበት ጉዳት ነው።

የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ይህን በግልጽ አሳይቷል (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ሁለቱም በ1932 የተወለዱ፣ ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። በሸዋ ደጋ በጃቶ የተወለደው አበበ ሮምንና ቶኪዮን አሸንፎ በ1968 ሜክሲኮ የደረሰው እግሩን ታሞ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። እኩያው ማሞ በ10 ሺህ ሜትር ብር ባገኘ በሳምንቱ ማራቶኑን በ2:20:26 አሸነፈ። በ1972 ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። ሜክሲኮ ላይ ሁለቱን የለያቸው ዕድሜ ሳይሆን የእግር ጤና ነው።

በእኛ ዘመን ጉዳዩን ከቀነኒሳ በቀለ በላይ የሚያስረዳ የለም። በ2010 መጀመሪያ ባቱ ከተጎዳ በኋላ የትራክ የበላይነቱ ተመልሶ አልመጣም። ወደ ማራቶን ዞሮ በ2016 በርሊንን በ2:03:03 ቢያሸንፍም በ2017 ዱባይና በርሊን ላይ፣ በ2018 አምስተርዳም ላይ ሳይጨርስ ወጣ። አበቃለት ሲባል በ2019 በ37 ዓመቱ በርሊንን በ2:01:41 አሸነፈ፤ ለዓለም ክብረ ወሰን የቀሩት 2 ሴኮንዶች ብቻ ነበሩ። በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ። ይህ መውደቅና መነሣት የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ደኅና ነበር፣ የሚያስቸግረው የባትና የተረከዝ ጅማት ነበር።

ስለዚህ የአንጋፋ ሥልጠና ዋና ሥራ በከባድ ልምምዶች መካከል ያለውን ዕረፍት ማስፋት ነው። ወጣቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጠንክሮ ሲሠራ፣ አንጋፋው በሁለት ተወስኖ በመካከሉ ቀላል ሩጫ፣ ብስክሌት ወይም ዋና ቢያስገባ ይጠቀማል። ፍጥነቱን ግን መተው የለበትም፤ ኪሎ ሜትር እየደረደረ ፍጥነት የጣለ አንጋፋ ቶሎ ይዝላል። ክብደት ማንሣትም አብሮ መሄድ አለበት፤ ሯጮቻችን ብዙ ጊዜ ችላ የሚሉት እሱን ነው።

በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ ግሼ ከተማ ራቤል ያለው ደጋ ለዚህ ምቹም አስቸጋሪም ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀጭን አየር ወጣቱን ይገነባል፤ ዕድሜው ለገፋው ግን ፍጥነቱን ያሳንስበታል፣ ማገገሚያውንም ያረዝምበታል። የአዲስ አበባ ሯጮች እንጦጦ ላይ ቀላሉን ሮጠው ለፍጥነት ወደ አቃቂ እንደሚወርዱ ሁሉ፣ የግሼ ሯጭም ቁልቁል ወደ ቆላው መውረጃ ቀን ያስፈልገዋል። ምግቡም ይታሰብበት፤ ዕድሜው የገፋ ጡንቻ ለመጠገን ከወጣት የበለጠ ፕሮቲን ይሻል፤ ገብስ በሚበዛበት የመንዝ ገበታ ላይ በጾም ወራት ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ በየማዕዱ መጨመር አለባቸው።

ሴቶች አትሌቶች ከወሊድ በኋላ የተመለሱበት መንገድም ያው ትዕግሥት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ያሸነፈችው ከወለደች በኋላ በ37 ዓመቷ ነው፤ ጥሩነሽ ዲባባም ልጇን በ2015 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘች።

የምርጫውና የክለቦቹ አሠራር ግን እስካሁን ለአንጋፋው አልተመቸም። በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ሲደረግ ቀነኒሳ የምርጫውን አካሄድ ተቃውሞ ሳይሮጥ ቀረ፤ ከቡድኑም ውጪ ሆነ። በአንድ ቀን የሚወስን ማጣሪያ፣ በዓመት ሁለት ማራቶን ብቻ ለሚችል ሰውነት የሚከብድ ፈተና ነው። በአገሪቱ ክለቦች አዲስ ታዳጊ መፈለግ ከነባሩ እንክብካቤ ይቀድማል፤ ፊዚዮቴራፒስት የሚያገኘውም በአብዛኛው ማኔጀር ያለው አትሌት ነው፣ ያውም በራሱ ገንዘብ። በየክለቡ አንድ ባለሙያ ቢቀጠር፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ማውረድን የመሰለ የጅማት ልምምድ ያለ ምንም መሣሪያ ራቤልም ላይ ማሠራት ይቻላል።