ጽጌረዳ በጣሳ፤ የቁስቋም ደጋ የሚስማማው የጓሮ ልማት

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ ከተማው በሚያዘቀዝቅበት ዳገት ላይ የሚገኘው የቁስቋም ሠፈር ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ይውላል፤ ግቢው ጠባብ፣ መሬቱም ተዳፋት ነው። ለበቆሎ የማይመቸው ይህ ብርድ ለጽጌረዳ ግን ተስማሚ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እምቡጡ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አበባው ትልቅ ይሆናል፤ ቀለሙም ይደምቃል። ወደ አውሮፓ አበባ የሚልኩት የኢትዮጵያ እርሻዎች በሆለታና በሰበታ አካባቢ የሠፈሩበት አንደኛው ምክንያት ይኸው የደጋ አየር ነው።

ጉዳዩ የከተማ ሰው ጌጥ ብቻ መስሎ የሚታያቸው የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር በጣሳና በፕላስቲክ ከረጢት ተደርድረው የሚሸጡት የአበባ ችግኞች ገዢ አላቸው። እነርሱን ለማፍላት ሰፊ ማሳ አያስፈልግም። መሬት ያልደረሰው ወጣትም ሆነ ከቤት የማትርቅ እናት በጓሮ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሆኖም ገዢው ወደ ቤቱ የወሰደው ችግኝ በሁለት ወር ውስጥ ከደረቀበት ሁለተኛ አይመለስም። ስለዚህ ችግኝ የሚያፈላ ማኅበር አያያዙንም ጭምር ለገዢው ማስረዳት ይኖርበታል።

በጣሳ የተተከለ ጽጌረዳን በብዛት የሚገድለው ብርድ አይደለም፤ ጥምም አይደለም። ከሥሩ የቆመ ውሃ ነው። የተክል ሥር እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር አየር ይፈልጋል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ፤ ቀንበጡም ይጠወልጋል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል። ተክሉ የሚሞተው ችላ ተብሎ ሳይሆን ከመጠን በላይ ተንከባክበውት ነው ማለት ይቻላል።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም አፉ የተሰበረ እንስራ ቢሆን፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ለአንድ ጽጌረዳ ይበቃል። ከመቀመጫው ላይ ትንሽ ጣት የሚያስገቡ 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ይበሱለታል። ከታች ጠጠር ማንጠፍ በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀዳዳ ለሌለው ጣሳ ግን ጠጠር መድኃኒት አይሆነውም። ውሃው ከጠጠሩ መካከል ተኝቶ ይቀራልና። ከተበሳ በኋላ ጣሳው በመሬት ላይ ተጣብቆ እንዳይቀመጥ እንደ ጉልቻ በ3 ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይገባል። በክረምት ከጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር የተቀመጠ ጣሳ ቢበሳም አይድንም፤ ፀሐይ ወደሚያገኝበትና ጠፈጠፍ ወደማይደርስበት ቦታ መዛወር አለበት። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ውሃ የሚጠጣበትን ቀን የሚወስነው ጣት እንጂ የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ጣት እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ ገብቶ እርጥበት ካገኘ ተክሉ ውሃ አያስፈልገውም። ደረቅ ከሆነ ጠዋት በቀዳዳው በኩል እስኪንጠባጠብ ድረስ ይጠጣ። ማታ ማጠጣትና ቅጠሉን ማራስ ለሻጋታ በር ይከፍታል። ውሃ በሚቸግርበት ወቅት እህልና አትክልት የታጠበበት ውሃ ሊጠቅም ይችላል፤ ጨው የገባበት ግን አይሆንም።

የአፈሩ ቅልቅል 2 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ቢሆን መልካም ነው። እዚህ ላይ የእንጦጦ ዙሪያ ነዋሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ የሌላውን ተክል እድገት የሚጎዳ ዘይት ስላለው፣ ከሥሩ የተጠረገ አፈር ለጣሳ አይመረጥም። ያልበሰበሰ ፍግም እየጋለ ሥሩን ያቃጥላል። ዩሪያ የለመደ ገበሬ ደግሞ ለአበባውም ቆንጥሮ መጨመር ያምረው ይሆናል። ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑንና በማሳ ላይ የሚበተነው በጣሳ ውስጥ መሸሻ እንደሌለው ሊዘነጋ አይገባም። በየ2 ወሩ አንድ እፍኝ የበሰበሰ ፍግ ከላይ ማልበስ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ገረዛውን ነው። አበባ ይሰጥ የነበረን ቅርንጫፍ መቁረጥ ማጥፋት ይመስላል። ያረጀ ቡናን ጎንድሎ የሚያድስ ገበሬ ግን ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ ጽጌረዳ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነውና ካልተገረዘ ቁመቱ ብቻ ይረዝማል። ለቁስቋም አየር የተሻለው ጊዜ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያ የደረቀውና የታመመው፣ ከዚያም ወደ ውስጥ የሚያድገው ይወገዳል። የቀሩት 3 ወይም 4 ጠንካራ ቅርንጫፎች ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን በላይ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰያፍ ይቆረጣሉ። በደጋ ከገረዛ እስከ አበባ 2 ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ የተገረዘው ኅዳር ሲገባ ያብባል። ጽጌ በግእዝ አበባ ማለት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የጽጌ ወቅት የሚያበቃው ኅዳር 6 በሚከበረው የቁስቋም በዓል ነውና፣ ሠፈሩ በስሙ በሚጠራበት በዓል ሰሞን አበባ ለገበያም ለቤትም ይደርሳል ማለት ነው።

ከገረዛው የሚወድቀው ቅርንጫፍ መጣል የለበትም። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 3 ወይም 4 አንጓ ያለው ቁራጭ ይመረጥና ሁለት ሦስተኛው በእርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ላይና ታቹ እንዳይምታታ ከላይ ሰያፍ፣ ከታች ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ይጠቅማል። በጥላ ሥር፣ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ከቆየ በ6 ወይም በ8 ሳምንት ሥር ያወጣል። ሥር ይዞ እንደሆነ ለማየት ነቅሎ መመልከት ግን ሥሩን መበጠስ ነው፤ ለስላሳው አዲስ ሥር ያን ጊዜ ይሰበራል። ሁሉም አይጸድቅምና ከሚፈለገው በላይ መትከል ይሻላል።

በሽታውና ተባዩ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ለምለሙን ቀንበጥ የሚወርረው ክሽክሽ ነው፤ በልብስ ሳሙና ውሃ በተደጋጋሚ ሲታጠብ ይቀንሳል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚበርድበት በበጋ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ሻጋታ ይወጣል፤ ጣሳዎቹን አራርቆ ማስቀመጥና የተመታውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ይረዳል። ለማሳ የተገዛውን ፀረ ተባይ ሕፃናት በሚጫወቱበት በረንዳ ላይ መርጨት በምንም መንገድ አይመከርም።

ጽጌረዳ በአገራችን የዱር ዘመድ እንዳለውም ማኅበራት ሊያስቡበት ይገባል። ይኸውም በደጋው ሁሉ የሚታወቀው ቀጋ ነው። አበባው ነጭና መዓዛማ ነው፤ ሲበስል ቀይ የሚሆነውን ፍሬውን እረኛ ይበላዋል፤ እሾሁም ከብት የማያስገባ አጥር ይሆናል። አጥሩን በቀጋ፣ በረንዳውን በጽጌረዳ ያለማ ቤተሰብ ሁለቱንም ከአንድ ዓይነት ሥራ ያገኛል።

ለሽያጭ የሚወጣው ችግኝ አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ ሥሩ በጣሳው ቀዳዳ ብቅ ማለት የጀመረ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ላስቲኩ በአንድ ቀን አይገፈፍም፤ ለ10 ቀን ያህል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተገለጠ ፀሐይና ነፋስ ይለምዳል።