የአውሮፕላን ጭራ እንዴት ይጠነክራል?



በክረምት እረፍት ሺሺንዳ ላይ ለታናናሾቻችን የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ ስንሰጥ በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ "አውሮፕላን እዚህ መሥራት ይቻላል?" የሚል። ጥያቄው እንዲሁ የመጣ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ "ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን ተሠርታ በርራ ነበር፤ ጣሊያን ወስዷት ከቆየች በኋላ በ2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቅታለች። በእኛ ዘመን ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማሩ፣ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ተጠቅመው ኬ-570ኤ ያሏትን አውሮፕላን ሠርተው በ2007 ዓ.ም. ለማብረር ሞክረዋል።

ስለዚህ መልሳችን "ይቻላል" ነው። ነገር ግን በውስጧ የሚቀመጠው ሰው ነፍስ አማና ነው። ብዙ ሰው ሞተሩንና ክንፉን አስቦ ጭራውን መጨረሻ ላይ ያስታውሰዋል፤ እኛ ዛሬ ከጭራው እንጀምር።

የጭራ ነገር ሲነሳ ከእኛው ታሪክ ዐባስ ኢብን ፊርናስ ይታወሳል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ ቁርጡባ የኖረ ሊቅ ነው። ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የጻፉት የታሪክ ሰው አል-መቀሪ እንደሚተርኩት፣ ላባ ለብሶና ክንፍ አበጅቶ ጥቂት ከበረረ በኋላ ሲያርፍ ጀርባው ተጎዳ። ምክንያቱንም አብረው አስፍረዋል፦ ወፍ ስታርፍ በጭራዋ እንደምትረዳ ሳያስተውል፣ ለራሱ ጭራ አላበጀም ነበር። ሱረቱል ሙልክ ከበላያችን ክንፋቸውን ዘርግተው የሚሰበስቡትን ወፎች እንድንመለከት ይጠራናል፤ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይህ ጭራ ነው።

ጭራው ምን ይሠራል? አግድም ጭራው የአውሮፕላኑ አፍንጫ እንዳይሰግድና እንዳይቃና ሚዛን ይጠብቃል፤ ቋሚ ጭራው ወደ ግራና ቀኝ እንዳትዋልል ያደርጋል። ጭራው ትንሽ ሆኖ ይህን ሁሉ የሚችለው ከስበት ማዕከሉ ርቆ ስለሚቀመጥ ነው፤ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። ያው ርቀት ግን ጣጣም አለው። ጭራው ላይ የ60 ኪሎ ግፊት ቢያርፍና ጭራው ከክንፉ ማያያዣ 4 ሜትር ቢርቅ፣ በማያያዣው ላይ የሚያርፈው የማጠፍ ኃይል 240 ኪሎ-ሜትር ይሆናል። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲጨምር ደግሞ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ያድጋል።

ታዲያ ወፍራም ብረት እንደርብበት? እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። ጠቅላላ ክብደቷ 300 ኪሎ በሆነ አውሮፕላን፣ ከስበት ማዕከሉ 4 ሜትር ርቀት ላይ 3 ኪሎ ብረት ብንጨምር ማዕከሉ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። የክንፉ ስፋት ከፊት ወደ ኋላ 1.2 ሜትር ቢሆንና ማዕከሉ ከዚህ ስፋት ከ15 እስከ 30 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲቆይ ቢወሰን፣ የተፈቀደው ቦታ በሙሉ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 3 ኪሎው ብቻውን ከአምስት እጅ አንዱን በላው ማለት ነው። ማዕከሉ ከድንበሩ ወደ ኋላ ያለፈ አውሮፕላን አፍንጫው አንዴ ከተነሳ ለመመለስ ያስቸግራል። ጭራው ሳይሰበር፣ ከመጠንከሩ የተነሳ ብቻ አብራሪውን ሊጥል ይችላል።

ስለዚህ ማጠንከር ማለት ሸክሙ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ፣ በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ፣ በቀላሉ መደገፍ ነው። ቀርከሃን ተመልከቱ። መሃሉ ባዶ ሆኖ ጠንካራ የሆነው አካሉ ከመሃል ርቆ በዙሪያው ስለተቀመጠ ነው። የጭራው ተሸካሚ አግዳሚም እንደዚሁ ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ቢጠናከር መሃሉን ከማወፈር ይሻላል። ሁለተኛው መንገድ ሶስት ማዕዘን መሥራት ነው፦ ከቋሚው ጭራ አናት ወደ አግድሙ ጭራ ሁለት ጫፎች፣ ከዚያም ወደ አካሉ ሥር የብረት ገመድ ወይም ቀጭን ዘንግ ይወጠራል። ብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ይህን ይጠቀማሉ፤ ትንሽ ክብደት ብዙ ያጸናልና።

ጠጋኝ ላሜራ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። በአሜሪካ ሰዎች በየቤታቸው የሚገጣጥሟቸውን አውሮፕላኖች የሚያዘጋጀው ቫንስ ኤርክራፍት፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ ሞዴሎቹ የአግድም ጭራ የፊት ተሸካሚ ላይ ስንጥቅ እንዲፈተሽ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ስንጥቁ የሚታየው ተሸካሚው ከአካሉ ጋር በሚያያዝበት አካባቢ ነው፤ ማጠናከሪያ ላሜራ እንዲገጠምም መመሪያው ያዛል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ጭራ የሚደክመው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በሚታጠፍበት መጋጠሚያ ነው። ላሜራ ስንደርብ ጫፉ በድንገት እንዳይቆም ቀስ በቀስ ይጥበብ፤ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፤ ቀዳዳውም ጥርት ብሎ ይበሳ። አለበለዚያ ስንጥቁ ከላሜራው ጫፍ ሥር እንደ አዲስ ይጀምራል።

የጠገንን መስሎን ያልጠገንነው ጭራ ምን እንደሚያደርስ የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 ያስረዳል። ቦይንግ 747ቱ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ጭራው መሬት መትቶ ነበር። በጥገናው ጊዜ የኋላውን የአየር ግፊት ግድግዳ የሚያገናኘው ላሜራ አንድ ወጥ መሆን ሲገባው ለሁለት ተከፍሎ ተገጠመ፤ ሁለት ረድፍ ሪቬት የሚሸከመው በአንድ ረድፍ ላይ ወደቀ። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1985 እ.ኤ.አ.፣ ግድግዳው ተቀደደ፤ የወጣው አየር ቋሚውን ጭራ ገነጠለ፤ ከ524 ሰዎች 520ው ሞቱ። ላሜራ መኖሩ አይበቃም፤ ሸክሙ በእርሱ በኩል ማለፍ አለበት።

ከጥንካሬ ሌላ ግትርነት የሚባል ጉዳይም አለ። የማይሰበር ግን የሚወዛወዝ ጭራ፣ ፍጥነት ሲጨምር ከአየሩ ጋር ተባብሮ መርገብገብ ይጀምራል፤ በጥቂት ሰከንድ ራሱን ሊበጣጥስ ይችላል። መከላከያው ማጠፊያው እንዳይላላ ማድረግና የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ከማጠፊያው ፊት በሚቀመጥ ክብደት ማመዛዘን ነው። ከማጠፊያው ኋላ ቀለም መደራረብና መለጠፍ ይህንን ሚዛን ያበላሻል።

በእኛ በካፋ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ዝናብ። አብዛኛውን ዓመት በሚርሰው አገራችን ከእንጨት የተሠራ ጭራ ውሃ ይጠጣል፤ ሙጫው ይላቀቃል፤ ውስጡ የተጠራቀመ ውሃም ያልታሰበ የኋላ ክብደት ይሆናል። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ ከውስጥም ይቀባ፤ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ ይኑረው።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ጭራው ከመብረሩ በፊት መሬት ላይ ይፈተን። አካሉ በክንፉ ማያያዣ በኩል በጽኑ ይታሰርና አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች ጭራው ላይ እየተመዘኑ ይደረደራሉ። የተለመደው መስፈርት በበረራ ይገጥማል ተብሎ ከሚታሰበው ትልቁ ሸክም 1.5 እጥፍ ሳይሰበር እንዲችል ነው። በትልቁ ሸክም ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደጎበጠ ይለካ፤ ሸክሙ ሲነሳ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ጭራው ተጎድቷል። ከዚህ በኋላም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ሳይፈቅድ የሚነሳ በረራ የለም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ የተመከረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአውሮፕላን ሠሪ ገመዱ ስሌቱ፣ ቋጠሮው ፈተናው ነው። ሺሺንዳ ላይ ለሚጠይቁን ልጆች የምንመክረው የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነው፦ ከቀርከሃ የአንድ ሜትር ጭራ ሠርታችሁ ጫኑት፤ የት እንደሚሰበር እዩ፤ ከዚያ ያንኑ ቦታ ብቻ ደግፋችሁ እንደገና ጫኑት፤ ሁለቱንም ጊዜ መዝኑት። ያኔ የምትይዙት ደብተር ከማንኛውም ሞተር በፊት የሚያስፈልግ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን፤ ሥራችንንም ያሳምርልን። ወሏሁ አዕለም።