ፒካፕን ከፍ ማድረግ፦ አለካኩና አመራረጡ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን እያገናኘ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። አምቦ በዚህ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚገባ ተሽከርካሪ ግን ጉዞው እንደ አስፋልቱ የቀና አይደለም። በጊንጪና በአካባቢው በብዛት የሚገኘው መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይጣበቃልም። ጎማ ሲመላለስበት በግራና በቀኝ ጥልቅ ቦይ ይወጣለታል። በሁለቱ ቦዮች መካከል የሚቀረው ጉብታም የመኪናውን ሆድ ይፈትጋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የፒካፕ ባለንብረቶች መኪናቸውን ከፍ ለማስደረግ ወደ ጋራዥ ይወስዳሉ።

ተማሪዎች፣ «መኪናውን ከፍ አድርግልኝ» የሚለው አነጋገር ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ከፍ የሚለው ምኑ ነው? በስንት ሴንቲ ሜትር? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ገንዘብ ይባክናል፤ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

በመጀመሪያ የመኪናውን አሠራር እንመልከት። ቶዮታ ሃይሉክስን በመሳሰሉ የዛሬ ፒካፖች ላይ አካሉና ጭነቱ የሚያርፉት ሻንሲ በሚባለው የብረት መሠረት ላይ ነው። ሻንሲውን ከፊት በኩል ሞላ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ባሌስትራ ይሸከመዋል። ባሌስትራ ማለት የተደራረቡ የብረት ዝርግፎች ሲሆን፣ ጭነት ሲበዛበት ይለጠጣል፤ ሲቀንስለት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። አሞርዛተር ደግሞ የሞላውንና የባሌስትራውን መንጠር ያረጋጋል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ዓይነት ከፍታ መኖሩን ነው። አንደኛው ሻንሲውና አካሉ ከመሬት ያላቸው ርቀት ነው። ሁለተኛው ከኋላ ጎማዎች መካከል የሚታየው የዲፈረንሻሉ እንቡጥ ከመሬት ያለው ርቀት ነው። ሞላውና ባሌስትራው ሲቀየሩ አካሉ ከፍ ይላል፤ የኋላው ዲፈረንሻል ግን ባለበት ይቀራል። ምክንያቱም የኋላው ዘንግ የሚያርፈው በባሌስትራው ላይ ሳይሆን በጎማዎቹ ላይ ነው። እርሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ ይኸውም በጭማሪው እኩሌታ ነው። ለምሳሌ 265/65 ባለ 17 ኢንች ጎማ ቁመቱ 77.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ265/70 ባለ 17 ኢንች ጎማ ቢተካ ቁመቱ 80.3 ይሆናል። ጭማሪው 2.7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው በ1.3 ያህል ብቻ ነው። በዚህ ለውጥ የፍጥነት መቁጠሪያው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው ወደ 83 ሊሮጥ እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል።

አለካኩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ባዶውን መኪና በደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ የጎማዎቹም ነፋስ ልክ ይሁን። ቀጥሎ ከቸርኬው መካከል ተነሥታችሁ ልክ ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ። ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው መካከል የሚለካው የጎማው ማለቅ ወይም የነፋሱ ማነስ ልኩን እንዳያዛባው ነው። በአራቱም ማዕዘን ይህን ፈጽማችሁ ጻፉ። በመጨረሻም መኪናው የተለመደ ጭነቱን ከያዘ በኋላ በድጋሚ ለኩ።

እነዚህ ስምንት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ። የኋላው ቀኝ 54፣ የኋላው ግራ 50 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ይህ መኪና የሚያስፈልገው መጠገን እንጂ ከፍ ማለት አይደለም፤ ምናልባት ከግራው ባሌስትራ አንዱ ዝርግፍ ተሰብሯል ወይም ደክሟል። ሁለቱም ጎኖች በባዶው እኩል ሆነው በጭነት ጊዜ ከመጠን በላይ ዝቅ ካሉ፣ ወይ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይ ባሌስትራው አቅም አንሶታል። በዘንጉና በባሌስትራው መካከል የብረት ጉርድ ማስገባት ከፍታ ይጨምራል እንጂ ብርታት አይሰጥም። ጉርድ በጉርድ ላይ መደራረብ ደግሞ ከቶ አይገባም። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሆዱ ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን ልከኛ ጭማሪ ይበቃዋል። የማንሻ ዕቃዎች የሚሸጡት በኢንች ነው፤ 2 ኢንች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በላይ ሲታሰብ ኃይል ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሱት ዘንጎች አጉል ይታጠፋሉ፤ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው ቱቦዎችም ሊወጠሩ ይችላሉ። ጭማሪው ትንሽም ቢሆን ከሥራው በኋላ የጎማዎቹ አቀማመጥ፣ የመብራቱ አቅጣጫና ፍሬኑ መመርመር አለባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የመገልበጥ አደጋ ነው። የመኪና መረጋጋት በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት እኩሌታ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ሲካፈል በሚገኘው ውጤት ይገመታል። እኩሌታው 75፣ ከፍታው 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.07 ነው። መኪናው ከፍ ተደርጎ የክብደት ማዕከሉ 74 ቢደርስ ውጤቱ ወደ 1.01 ይወርዳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። በገበያ ቀን ከጭነቱ በላይ ሰዎች ቢሳፈሩበት ደግሞ ማዕከሉ ይበልጥ ከፍ ይላል። ከጭቃ ለመውጣት የተጨመረው ከፍታ በቁልቁለቱ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። ባለ ፒካፑም በመጀመሪያ የጎደለው ከፍታ የትኛው እንደ ሆነ ይለይ፤ ቀጥሎ የጎደለውን ያህል ብቻ ይጨምር። እናንተም በሰፈራችሁ ከሚገኝ ባለ ፒካፕ ፈቃድ ጠይቃችሁ አራቱን ማዕዘን ለኩና ያገኛችሁትን ቁጥር በሠንጠረዥ አስፍሩ። ከዚያም መኪናው መጠገን፣ ጭነት መቀነስ ወይም ከፍ መደረግ የሚያስፈልገው መሆኑን ምክንያቱን በማስረዳት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።