ተሸናፊ ይነሳ! የጌም ቤት ኳስ ድሮና ዘንድሮ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጆይስቲክ ኳስ ነው። “ደግሞ ይሄ ምን ቁም ነገር አለውና?” የምትሉ አትጠፉም። ግዴለም፣ ታገሡኝ።

ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳ ላደግን ልጆች መዝናኛችን በጣት የሚቆጠር ነበር። የማንጎ ጥላ፣ የሰፈር ሜዳ፣ ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት። አለቀ! እኔም ጆይስቲክ ከጨበጥኩ ይኸው ከ18 ዓመት በላይ ሆነኝ። ጌሞቹ ሲያድጉ አብሬ አድጌያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስቲ ከሥር ከመሠረቱ እንነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ፊፋ የወጣው በ1993 መጨረሻ ነው። ያኔ ሜዳው ተንጋዶ ነበር የሚታየው፤ የተጫዋቾቹም ስም የፈጠራ ነበር። እውነተኛ ስም የገባው ፊፋ 96 ላይ ነው። የጃፓኑ ኮናሚ ደግሞ በ1995 ዊኒንግ ኢለቨንን ይዞ ብቅ አለ፤ በ2001 ፔስ የተባለው መጣ። የኮናሚ ጣጣ የስም ፈቃድ ነበር። ፈቃድ ከሌለ ስም የለም! እናላችሁ ሊቨርፑል “መርሲሳይድ ሬድ” ይባላል፣ ሮቤርቶ ካርሎስ “ላርኮስ” ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛ ግን ማን ይሸወዳል? መላጣውንና የግራ እግሩን ምት አይተን እንለየዋለን።

እኔ የጀመርኩት በ2006 በወጣው ፔስ 6 ነው። ኢንተር ሚላንን የያዘ ልጅ በአድሪያኖ ግራ እግር ከሩቅ ሲለጋው በረኛ ምን ይሠራል? ሰፈራችን “ኢንተር መያዝ ክልክል ነው” የሚል ሕግ እስከ መውጣት ተደርሷል። ሌሎችም ሕጎች ነበሩ። ተሸናፊ ይከፍላል፤ ተሸናፊ ይነሳል። እየመራህ መብራት ከጠፋብህማ ክርክሩ ሌላ ጨዋታ ነው!

አግዳሚው ላይ የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የአማራውና የኦሮሞው ልጅ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። “ጎል!” ሲባል ሁሉም በአንድ ቋንቋ ይጮኻል። በ2018 ከተማችን ውስጥ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ሲጠፋ እኛ የምንጫወትበት ቤት ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ማንም ጆይስቲክ አላነሳም። መጀመሪያ የተጠየቀው “እገሌስ? እገሌስ ደህና ነው?” የሚል ነበር። ያልመጣ ልጅ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ተጠየቀ።

ታዲያ ጌሙ እያማረ ሄደ፣ ሌላ ነገርም ይዞ መጣ። በ2009 አልቲሜት ቲም የሚባለው ወደ ፊፋ ገባ። ተጫዋች በታሸገ ፓክ ትገዛለህ፣ ውስጡ ማን እንዳለ ግን ከፍለህ ካልከፈትከው አታውቅም። ዕጣ ነው! የቤልጅግ የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እንዲህ ያለውን ነገር ቁማር ነው አለ፤ አምራቹ ኢኤም በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ሽያጩን አቆመ። ፔስ በ2021 ስሙን ኢፉትቦል ብሎ በነፃ ተለቀቀ፤ የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ የዓለም መሳቂያ ሆኖ ነበር። ፊፋና ኢኤ ደግሞ ተለያይተው በ2023 ጌሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆነ።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ወዳጄ ዛሬ የሚጫወተው በስልኩ ነው። ለፓክ መግዣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን በካርድ እንዲከፍልለት ይለማመጠዋል፤ ብሩን እዚህ ለቤተሰቡ እሰጣለሁ እያለ ዕዳው ተከምሯል። እጮኛው “ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው” ስትል አጫውታኛለች። የአሥር ዓመት የአግዳሚ ጓደኛው ሁለት ሳምንት ታሞ ሲተኛም አልሰማም። በኢንተርኔት ጨዋታ ተጋጣሚህ ድንገት ቢጠፋ ጌሙ “አሸነፍክ” ብሎህ ያልፋል። ታሞ ይሁን፣ መብራት ጠፍቶበት ይሁን፣ ማን ይጠይቃል?

ወገኖቼ፣ ጌም ተዉ እያልኩ አይደለም። እኔም አልተውኩም! ምክሬ ሦስት ናት። አንደኛ፣ ውስጡን ለማታውቁት ፓክ የተበደራችሁትን ብር አታውጡ። ሁለተኛ፣ በ2015 ፊፋ 16 ላይ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ገብተዋል፤ አግዳሚያችን ላይ ግን ሴት ልጅ አሁንም ብርቅ ናት። እህታችሁን፣ እጮኛችሁን ይዛችሁ ኑ። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ጎናችሁ ከተቀመጠ ሰው ጋር ተጫወቱ። የቀረ ሰው ካለ ደግሞ የት እንደደረሰ ጠይቁ።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ ያገናኘን!