አዲሱ ፋይል ተጭኖ ሳለ አሮጌው ለምን ይመጣል?

በአቡ ዳቢው ሚና ዛይድ የዓሣ ወይም የቴምር ገበያ ውስጥ የሚሠራ ወገናችን የዋጋ ዝርዝሩን ክላውድ ላይ አስቀምጦ ሊንኩን ለደንበኞቹ ልኳል እንበል። ጠዋት ዋጋው ተለወጠ፤ አዲሱን ፋይል በዚያው ስም ጫነ፤ በትክክል መጫኑንም አየ። ደንበኛው ግን ሊንኩን ሲከፍት የሚያገኘው የትናንቱን ዋጋ ነው። ሻጩ "ቀይሬዋለሁ" ይላል፣ ገዢው "አልተቀየረም" ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመካከላቸው የገባው ካሽ ነው።

ካሽ ለጊዜው የተያዘ ቅጂ ነው። ዋናው ፋይል የሚቀመጠው አንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው። ማዕከሉ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአቡ ዳቢና በዱባይ፣ አማዞንም ከ2022 ጀምሮ በኤምሬትስ ማዕከል አላቸው። አውሮፓ ወይም አሜሪካም ሊሆን ይችላል። ለከፈተው ሰው ሁሉ ከዚያ ድረስ መመላለስ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ነጋዴ ከወደብ ያወጣውን ዕቃ ለገዢው ቅርብ በሆነ መጋዘን እንደሚያኖረው፣ ኩባንያዎቹም ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ፋይል ቅጂ ለተጠቃሚው ቅርብ በሆነ ሰርቨር ያስቀምጣሉ። የስልኩ ብራውዘርም የራሱን ቅጂ ይይዛል።

ቅጂው ዕድሜ አለው። የሚወስነው ካሽ ኮንትሮል የሚባል፣ ከፋይሉ ጋር የሚላክ መመሪያ ነው። በጎግል ክላውድ ስቶሬጅ ባለቤቱ ምንም ካላዘዘ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፋይል 3600 ሰከንድ፣ ማለትም 1 ሰዓት ይሰጠዋል። ቅጂዎችን ለተጠቃሚው ቅርብ አድርጎ የሚያስቀምጠው የአማዞን አገልግሎት፣ ክላውድፍሮንት፣ ደግሞ መመሪያ ካልደረሰው ቅጂውን በተለምዶ 24 ሰዓት ያቆያል። ቅጂዎቹ በየቦታው በተለያየ ሰዓት ስለሚያዙ፣ በኤምሬትሷ አል ዓይን ከተማ ያለው ሰው አዲሱን ሲያይ አዲስ አበባ ያለው አሮጌውን ሊያይ ይችላል።

ቀድሞ ሌላም ምክንያት ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የአማዞን ፋይል ማከማቻ፣ ኤስ3፣ በነባር ፋይል ላይ አዲስ ሲጫንበት፣ ማከማቻው ራሱ ለጥቂት ጊዜ አሮጌውን ሊሰጥ ይችል ነበር። ይህ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ዛሬ እዚያ አሮጌ ፋይል ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካሹ ነው።

መፍትሔው ከመጫን በፊት ማሰብ ነው። ቶሎ ቶሎ ለሚለወጥ ፋይል "ኖ ካሽ" የሚለውን መመሪያ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ቅጂው በጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ከዋናው ጋር ይመሳከራል። መመሪያውን ዛሬ መለወጥ ግን ትናንት የወጡትን ቅጂዎች ዕድሜ አያሳጥርም። እኔ የምመርጠው ቀን የተጻፈበት አዲስ ስም ሰጥቶ አዲስ ሊንክ መላክን ነው፤ አዲስ ስም አሮጌ ቅጂ የለውምና።

የዋጋ ዝርዝር አንድ ሰዓት ቢዘገይ ጉዳቱ ይቻላል። የሚያሳስበኝ መሰረዝ ነው። ፋይሉን ብታጠፉት ወይም ለሕዝብ ብትዘጉትም የተያዘው ቅጂ ዕድሜው እስኪያልቅ ሊከፈት ይችላል፤ አንድ ሰው አውርዶት ከሆነማ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ በባዕድ አገር የምትሠሩ ወገኖቼ፣ የፓስፖርታችሁን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ወይም የሥራ ውላችሁን ቅጂ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሊንክ አታስቀምጡ።